የታዳጊን ፍጥነት በሜትርና በሰዓት መለየት፦ ለሰፈር አሠልጣኞችና ለስፖርት መምህራን

በጅማ የታዳጊዎች ምልመላ በሚካሄድባቸው ቅዳሜ ጠዋቶች፣ ልጆቹ ገና ማሊያ ሳይለብሱና አንዲት እርምጃ ሳይሮጡ፣ ሜዳው ዳር የቆምነው ሰዎች የእያንዳንዳቸውን ቦታ አድለን እንጨርሳለን። ጥቁርና ቀጭን የሆነው ልጅ «ይሄማ መስመር ላይ ይበራል» ይባላል፤ የቀይ ዳማው «ጭንቅላት አለው፣ መሃል ይግባ» ይባላል፤ ደረቱ የሰፋው ሳይጠየቅ ተከላካይ ይሆናል፤ ከደጋ ቀበሌ የመጣው ደግሞ «ትንፋሽ እንጂ ፍጥነት የለውም» ተብሎ ወደ ረጅም ርቀት ሩጫ ይሸኛል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ካሸነፈ ወዲህ ለኳስ የሚመዘገበው ልጅ ስለበዛ፣ በዓይን ብቻ ቶሎ መለየት ለአሠልጣኝ ትልቅ ፈተና ሆኗል። እኔም ለዓመታት በዚሁ መንገድ ስመድብ ኖሬአለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለው ጅምላ ፍረጃ ከልጆች ምን እንደሚወስድ በቅርብ ስላየሁ ነው። በምትኩ ለሚሠራው ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ከአንድ የ50 ሜትር መለኪያ፣ ከሁለት ስቶፕዋች፣ ከጥቂት ኖራና ከአንድ ደብተር አይበልጥም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ጋ ከሚሠለጥኑ የ14 ዓመት ልጆች መካከል ሁለቱን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ያለቦታቸው አሰልፌ ነበር። አንደኛው ጥቁርና እግረ ረጅም ስለነበር ገና በመጀመሪያው ቀን የቀኝ መስመር አጥቂ አደረግሁት፤ ሌላው ቀላ ያለና ዝምተኛ ስለነበር አማካይ ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ስቶፕዋች ተውሼ ሁሉንም በ30 ሜትር ስለካቸው የመስመር አጥቂዬ በ4.9 ሰከንድ፣ አማካዩ በ4.4 ሰከንድ ገቡ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ልዩነቱ እንዳለ ነው። በ30 ሜትር ሩጫ ግማሽ ሰከንድ ማለት ከሦስት ሜትር በላይ ርቀት ነው፤ ኳስን ቀድሞ በማግኘትና የሌላውን ጀርባ በማየት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የመስመር አጥቂዬን ለብቻው ጠርቼ ሳነጋግረው አንገቱን ደፍቶ፣ «ኮች፣ እኔ እኮ መሃል መጫወት ነበር የምወደው፤ ፈጣን ነህ ስትሉኝ እንዳላሳፍራችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። ይህ ልጅ በሌለው ፍጥነት ሲወቀስ፣ ባለው የማየትና የማቀበል ችሎታ አንድም ቀን ሳይመሰገን ዓመቱን ጨርሷል።

ከመለካት በፊት፦ የራስን ግምት መጻፍ

ሥራው ደብተር ላይ ይጀምራል። ከመለኪያው ቀን በፊት በነበረው ምሽት የልጆቹን ስም ሁሉ ይጻፉና ከፈጣኑ እስከ ዝግተኛው በግምትዎ ደረጃ ይስጧቸው፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ እንዲህ ያሰቡበትን ምክንያት በአንድ ወይም በሁለት ቃል ያስፍሩ። «እግሩ ረጅም»፣ «ጥቁር»፣ «ወንድሙ ሯጭ ነው»፣ «የቆላ ልጅ» የሚለውን ሁሉ ሳያፍሩ ይጻፉት፤ ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጡ እንጂ ለማንም አያሳዩ። ውጤቱ ከመጣ በኋላ ወረቀቱን ሲከፍቱ ስንት ልጅ እንደሳቱ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ምክንያት እንደሳቱም ይታይዎታል። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር፤ ምክንያቶቼን በራሴ እጅ ጽፌያቸው ስለነበር ማመካኛ አላገኘሁም።

ግምቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ይረዳል። እኛ ሰውን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ስንለይ የኖርን ሕዝብ ነን፤ በዲኤስቲቪ ቤት የምንሰማው የውጭው «ጥቁር ጉልበት፣ ነጭ ብልሃት» የሚል አስተሳሰብ በዚህ በራሳችን አከፋፈል ላይ ሲደረብ ማንም ሳያስተውለው የሜዳ ሕግ ይሆናል። የሩጫ ታሪክ ግን ይህን ሕግ በተደጋጋሚ አፍርሶታል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓቮ ኑርሚ 9 የኦሊምፒክ ወርቅ ሲሰበስብ ረጅም ርቀት የፊንላንዳውያን ተፈጥሮ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ የወንዶችን 100 ሜትር ጀርመናዊው አርሚን ሃሪ፣ 200 ሜትሩን ጣሊያናዊው ሊቪዮ ቤሩቲ አሸነፉ፤ ማራቶኑን ደግሞ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ወሰደው። የዚያን ዓመት የወንዶች ውጤት ብቻ ያየ ሰው «አጭሩ የነጭ፣ ረጅሙ የጥቁር» ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር፤ በዚያው ሜዳ ግን ጥቁር አሜሪካዊቷ ዊልማ ሩዶልፍ በ100፣ በ200 እና በ4 በ100 ሜትር ሦስት ወርቅ አጥልቃለች። ከ12 ዓመት በኋላ ዩክሬናዊው ቫለሪ ቦርዞቭ በሙኒክ ሁለቱንም አጭር ርቀቶች ጠቀለለ፤ ጣሊያናዊው ፒየትሮ ሜኔአ እ.ኤ.አ. በ1979 በሜክሲኮ ሲቲ በ200 ሜትር ያስመዘገበው 19.72 ሰከንድ ደግሞ ለ17 ዓመታት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል።

በዘመናችን 100 ሜትርን ከ10 ሰከንድ በታች ከሮጡት ወንዶች አብዛኞቹ የዘር ሐረጋቸው ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሚያመራ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን መካድ ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን የማይሞላው ጃማይካ፣ በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠረው ከምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ይልቅ የኦሊምፒክ የአጭር ርቀት ሜዳሊያ የምትሰበስበው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ በሚካሄደው የትምህርት ቤቶች የሩጫ ሻምፒዮና ውስጥ ይገኛል፤ የጃማይካ ልጅ ገና በትምህርት ቤት እድሜው በአሠልጣኝ ዓይን ሥር፣ በሰዓት እየተለካ፣ ስታዲየም በሞላ ሕዝብ ፊት ይሮጣል። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ2010 9.98፣ ቻይናዊው ሱ ቢንግቲያን እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ 9.83 ሮጠዋል። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የኬንያዊው ፈርዲናንድ ኦማንያላ ነው፤ «የረጅም ርቀት አገር» ከምትባለው ጎረቤታችን ወጥቶ፣ ከራግቢ ወደ ሩጫ ተሻግሮ፣ ከፍታዋ ከጅማ ብዙም በማይርቀው ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ2021 በ9.77 ሰከንድ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ሰበረ። ደግሞም በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ለአጭር ርቀት ሯጭ የሚገጥመው ግፊት ትንሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ «የእኛ ከፍታ ለፍጥነት አይሆንም» የሚለው ወሬ ከመሠረቱ የተገለበጠ ነው።

ስለ ዘረ መል የሚነሣውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። «የፍጥነት ጂን» እየተባለ የሚጠቀሰው ኤሲቲኤን3 በጡንቻ ውስጥ ለፈጣን እንቅስቃሴ የሚረዳ ፕሮቲን የሚያሠራ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከአምስት ሰዎች አራቱ ያህል ቢያንስ አንድ የሚሠራ ቅጂ አላቸው። በሩጫ ረጅሙን መንገድ የመረጠችው የኬንያ ሕዝብም በአብዛኛው አለው። ጂኑ ያለው ሁሉ ፈጣን አይሆንም፤ ከቆዳ ቀለምም ሊነበብ አይችልም፤ ምክንያቱም በአፍሪካ ውስጥ ያለው የዘረ መል ልዩነት ከሌሎቹ አህጉራት ሁሉ የሰፋ ስለሆነ «ጥቁር» የሚለው ቃል ስለ አንድ ልጅ ጡንቻ የሚናገረው ነገር የለም።

«ኢትዮጵያዊ ፍጥነት የለውም» ለሚልዎት ሰው ሲድኒን ያስታውሱት። እ.ኤ.አ. በ2000 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በኋላ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ በወጡት መካከል የነበረው ልዩነት 0.12 ነው። ምሩጽ ይፍጠርንም «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው ትንፋሹ ብቻ አልነበረም።

አለካኩ

የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነና ቀዩ ጭቃ እግር ስለሚይዝ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ቢለኩ ይመረጣል። ሜዳው ደልዳላ መሆኑን በዓይን አይመኑ፤ ኳስ ያስቀምጡና ወደየት እንደሚንከባለል ይመልከቱ። ከእንጨት ጫፍ ላይ የፌስታል ቁራጭ አስረው ነፋሱን ይዩ፤ ነፋስ ካለ እያንዳንዱን ልጅ በሁለቱም አቅጣጫ አስሩጠው አማካዩን ይውሰዱ። በኖራ 0፣ 10፣ 20 እና 30 ሜትር ላይ መስመር ያስምሩ፤ ሦስት ሜትር ያህል አልፈው ደግሞ ሁለት ኮን ያስቀምጡና ልጆቹን እስከ ኮኖቹ እንዲሮጡ ይንገሯቸው፤ አለዚያ መስመሩ ላይ ሳይደርሱ መቆም ይጀምራሉ።

ጫማን በተመለከተ ጥብቅ ይሁኑ። አንዱ በታኬታ፣ አንዱ በሸራ፣ ሌላው በባዶ እግሩ ሮጦ ውጤታቸው ጎን ለጎን ቢጻፍ የሚለካው የወላጅ ኪስ ይሆናል። ሁሉም በባዶ እግራቸው ወይም ሁሉም በሸራ ይሩጡ። ቁርስ የበላውንና ያልበላውንም በእርጋታ፣ በግል ይጠይቁ፤ ሳይበላ የመጣ ልጅ ካለ ዳቦና ሻይ አቅርበው በመጨረሻ ያስሩጡት ወይም ለሌላ ቀን ያቆዩት።

ከ15 ደቂቃ ማሟሟቂያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ቆሞ፣ የፊት እግሩን ከመስመሩ ኋላ አድርጎ፣ ሳይወዛወዝ ይነሣል። ፊሽካ አይንፉ። ልጁ በራሱ ጊዜ ይነሣ፤ ሰዓቱ የሚጀመረው የኋላ እግሩ ከመሬት ሲለቅ ነው። ይህን የምለው ድምፅ ሰምቶ መነሣት ሌላ ችሎታ ስለሆነ ነው፤ ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን 9.58 ሲሮጥ ለመነሣት ብቻ 0.146 ሰከንድ ወስዶበታል፤ እኛ ደግሞ እዚህ የምንፈልገው የሩጫውን ፍጥነት ነው። ሁለት ሰዓት ያዦች ከመጨረሻው መስመር ትይዩ አሥር ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙና ደረት መስመሩን ሲያልፍ ያቁሙ። የሁለቱን አማካይ ይጻፉ፤ በመካከላቸው ከ0.2 ሰከንድ በላይ ልዩነት ካለ ያ ሩጫ ይደገም። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ሙከራ፣ በየመካከሉም ቢያንስ አራት ደቂቃ እረፍት ይስጡና የተሻለውን ይያዙ። እረፍቱ ረዘመ ብለው የሚያጉረመርሙ ይኖራሉ፤ የደከመ ልጅን መለካት ግን ድካሙን መለካት ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የመዝጋቢውን አቀማመጥ ነው። ለልጆቹ በጨርቅ ላይ የተጻፈ ቁጥር ይስጧቸው፤ መዝጋቢው ጀርባውን ለመሮጫው ሰጥቶ ይቀመጥና «17፣ አራት ነጥብ አምስት» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ይጻፍ። ሰዓት ያዡም ቢሆን የሚወደውን ልጅ ሲያይ ጣቱ ቶሎ እንደሚያቆም፣ ዝግተኛ ነው ብሎ ያሰበውን ሲያይ እንደሚዘገይ በራሴ ጣት አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ሰዓት ያዦቹ ልጆቹን የማያውቁ ሰዎች፣ ለምሳሌ ከሌላ ሰፈር የመጡ አሠልጣኞች ቢሆኑ የበለጠ ይታመናል።

ስልክ ያለው ሰው የልጁን ሙሉ ፍጥነት ለብቻው መለካት ይችላል። ከ20 እስከ 30 ሜትር ባለው ክፍል ትይዩ፣ 15 ሜትር ያህል ገለል ብሎ ስልኩን ሳያንቀሳቅስ ይቅረጽ። በሁለቱ መስመሮች ላይ የሚተከሉት እንጨቶች በስልኩና ልጁ በሚያልፍበት ነጥብ መካከል ባለው የእይታ መስመር ላይ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ከጎን ሲታይ ርቀቱ ይዛባል። ቪዲዮው በሰከንድ 60 ምስል የሚይዝ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው እንጨት እስከ ሁለተኛው ያሉትን ምስሎች ቆጥረው ለ60 ያካፍሉ፤ 75 ምስል ከሆነ 1.25 ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ 8 ሜትር ነው። ቦልት በበርሊን ከ60 እስከ 80 ሜትር ያለውን 20 ሜትር በ1.61 ሰከንድ ነው ያለፈው። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ወዲያው የራሳቸውን ቁጥር እጥፍ እያደረጉ ማወዳደር ይጀምራሉ።

የእድሜ ወጥመድ

መልክን ትተን ቁጥር ስናምን ሌላ ስሕተት ይጠብቀናል። በአንድ የልደት ዓመት ውስጥ ያሉ ልጆች በአካል ብስለት ሦስትና አራት ዓመት ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሴቶች በአማካይ በ12 ዓመት ገደማ፣ ወንዶች በ14 ገደማ በፍጥነት የሚያድጉበት ወቅት ላይ ይደርሳሉ። ቀድሞ ያደገው ልጅ ዛሬ ሁሉን ይቀድማል፤ ሰዎችም «ዘሩ ነው» ይላሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎቹ ሲደርሱበት ደግሞ «ሰነፈ» ይባላል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የእያንዳንዱን ልጅ ቁመት ይለኩና ከፍጥነቱ ጎን ይጻፉ። የልደት ቀኑን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ እናቱን ይጠይቁ፤ «ለመስቀል ሰሞን ነው» ወይም «አረፋ በገባ በሳምንቱ ነው» ማለታቸው አይቀርም። አረፋ በየዓመቱ ስለሚዞር ዓመቱንም አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። በወራት ውስጥ ብዙ ሴንቲ ሜትር የጨመረ ልጅ ለጊዜው እግሩ ሊወሳሰብና ፍጥነቱ ሊቀንስ ስለሚችል፣ በዚያን ጊዜ በወጣ ቁጥር ከቡድን አይቀነስ።

ያላሠለጠኑትን ነገር የለም አለማለት

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ማለት ሜዳውን መዞር ነው። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዝግታ ለረጅም ጊዜ እንዲሮጥ ካሠለጠንነው በኋላ ፍጥነት ሲያጣ ተፈጥሮውን እንወቅሳለን። ይህን ለመፈተን ለስምንት ሳምንት ሁሉንም ልጅ፣ ፈጣን የተባለውንም ዝግተኛ የተባለውንም፣ በሳምንት ሁለት ቀን አጭር ሩጫ ያሠሩ። ልምምዱ ከማሟሟቂያ በኋላ ወዲያው፣ ልጆቹ ሳይደክሙ ይሁን። በ20 ሜትር ስድስት ጊዜ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ወደ 30 ሜትርና ወደ ስምንት ጊዜ ያሳድጉ፤ ለእያንዳንዱ አሥር ሜትር አንድ ደቂቃ እረፍት ይቁጠሩ። በየሁለተኛው ሳምንት አንዱን ቀን ወደ ጅሬን በሚወስደው ዓይነት ለስላሳ ዳገት ላይ በ15 ሜትር ቢያደርጉት ልጆቹ ያለ ብዙ ማብራሪያ መሬትን ወደ ኋላ መግፋትን ይማራሉ። ጀርባ ወይም የጭን ኋላ ጡንቻ ሕመም የሚሰማው ልጅ ካለ የዚያን ቀን ይረፍ።

ስለ አካል ቅርጽም ቶሎ አይፍረዱ። ቦልት ራሱ 1.95 ሜትር ቁመት ስላለው ለ100 ሜትር ይረዝማል ይባል ነበር፤ የጀርባ አጥንቱም የጎበጠ ነው።

በሜዳ ላይ የምንናገረው

በእግር ኳስ ፍረጃው የሚኖረው በቃል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት በእንግሊዝ፣ በጣሊያን፣ በስፔንና በፈረንሳይ ሊጎች የ80 ጨዋታዎችን የቴሌቪዥን ትንታኔ መርምሮ፣ ተንታኞች ስለ ጉልበት ሲናገሩ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸውን ተጫዋቾች የማንሣታቸው ዕድል 6.59 እጥፍ፣ ስለ ፍጥነት ሲናገሩ ደግሞ 3.38 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል፤ ስለ ብልህነት የሚነገረው ሙገሳ ግን በአብዛኛው ቀላ ያለ ቆዳ ላላቸው ነበር። በዚህ መካከል በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከተመዘገቡት ፍጥነቶች ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱን፣ በሰዓት 37.38 ኪሎ ሜትር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የሮጠው ሆላንዳዊው ነጭ ተከላካይ ሚኪ ቫን ደ ቬን ነው።

በእርስዎ ሜዳ ያለውን ለማወቅ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ለተቀመጠ አንድ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ይስጡት። ወረቀቱን ለሁለት ይክፈልና በአንድ ወገን ስለ ሩጫና ጉልበት የጮኹትን፣ በሌላው ወገን ስለ ማየትና መወሰን የጮኹትን፣ ከተጠራው ተጫዋች ቁጥር ጋር ይጻፍ። እኔ ይህን ባደረግሁበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ለጥቁሩ ልጅ ደጋግሜ የጮኽኩት «ሩጥ! ግፋ!» ሲሆን ለቀላው ደግሞ «ቀና በል! እይ!» ነበር። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ኳስ የያዙበት ጊዜ ነበር። ለአንዱ ልጅ ጭንቅላቱን እንዲያነሣ እየነገርኩ ለሌላው እግሩን ብቻ እየጠየቅሁ፣ ቆይቼ «እሱ ጨዋታ አያነብም» ብዬ እፈርድ እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምጠቀምባቸውን አራት ቃላት ወስኜአለሁ፦ እይ፣ ጠይቅ፣ አቀብል፣ ተነሣ።

ወላጅ ወይም የሥራ ባልደረባ «የእገሌ አገር ልጆች እኮ ተፈጥሮአቸው ነው» ቢልዎት በንግግር ለማሸነፍ አይድከሙ፤ ደብተሩን ገልጠው በቁጥር የተመዘገበውን ያሳዩትና የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ እንዲገምት ይጋብዙት። ከዚያ ስሞቹን ይግለጡለት። አንድ ታላቅ የሰፈራችን ሰው ከአሥር ልጆች ሦስቱን ብቻ አግኝተው፣ «እንግዲህ እኔም ዝም ልበል» ብለው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዓት ሊይዙልን መጡ።

የተጫዋች ቦታ የሚወሰነው በአንድ ቀን ውጤት አይደለም። መጀመሪያ በኅዳር፣ ከስምንት ሳምንት ልምምድ በኋላ በጥር፣ ዝናቡ ሳይበረታ ደግሞ በሚያዝያ ይለኩ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱን ልጅ ቢያንስ በሦስት ቦታ ያጫውቱትና እሱ የሚወደውን ቦታ በራሱ አፍ ጠይቀው ከቁጥሩ ጎን ይጻፉ። ያ የመስመር አጥቂ የነበረው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት መሃል ገባ፤ አማካይ የነበረው ደግሞ «መስመር ላይ ልሞክር» ሲል፣ የ10 ሜትር ቁጥሩ ጥሩ፣ ኳስ የማሻማት ልምዱ ግን ገና ስለነበር በየልምምዱ መጨረሻ ለብቻው ሃያ ኳስ እንዲያሻማ እያደረግሁ እስከ ሚያዝያ አቆየሁት።